ወይዘሮ የለም

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የሄለን መኪና አብነት አጠገብ መንገድ መሃል ቀጥ አለችና እየገፋን አንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ አስገባናት። በዚህ ዕድሜዬ መኪና እገፋለሁ ብዬ አልነበረም ከቤት የወጣሁት፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ስገፋ ሲያዩኝ ግን መንገደኛው ሁሉ እየሮጠ መጥቶ አገዘን። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍ ሲያደርገው ያ ሽታ መጣ፤ ግራሶ፣ ናፍጣና የጋለ ብረት አንድ ላይ። ሄለን አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ውስጥ ሳብኩት። ሌላዋ ሴት ሽቶ ሲሸታት የጥንት ፍቅረኛዋ ትዝ ይላታል፤ እኔ ግራሶ ሲሸተኝ ወጣትነቴ መጥቶ ፊቴ ይቆማል።

መኪናዋ እስክትሠራ ሁለት በርጩማ ሰጡንና ተቀመጥን። የሄለን ሥራ ሶፍትዌር ነው። ልደታ ላይ ከበቀሉት አዳዲስ ፎቆች በአንዱ ከጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራይተው አንድ ፕሮግራም ሲሠሩ ዓመት ሊደፍኑ ነው፤ "መቼ ነው ሰው እጅ የሚገባው?" ባልኳት ቁጥር "ገና ነው አክስቴ፣ ብዙ ይቀረዋል" ትለኛለች። ያን ዕለትም ያንኑ አለችኝና ቀጥላ፣ "አሁንማ አሠልጣኞቻችን የሚሉን፣ መጀመሪያ ትንሿን ነገር ሠርታችሁ ቶሎ አውጡ፣ የቀረውን የሚጠቀምበት ሰው ራሱ ይነግራችኋል ነው። አዲስ አሠራር ነው" አለች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። "አዲስነቱ ምኑ ላይ ነው? እኔና ሽኩር በደርግ ጊዜ እዚሁ ልደታ አድርገነዋል" አልኳት። "በደርግ ጊዜ ኮምፒዩተር ነበረ እንዴ?" ብላ ዓይኗን አፈጠጠች። አልፈረድኩባትም፤ እነሱ ያንን ዘመን የሚያውቁት ቴሌቪዥን ላይ ከሚያዩት ሰልፍና መፈክር ነው። እኛ ግን በዚያ ዘመን ውስጥ ሥራ ነበረን፣ ቀልድ ነበረን፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚለበስ ልብስም ነበረን።

የምሠራው በአንድ የመንግሥት የጭነት ማመላለሻ መሥሪያ ቤት ነበር። ጋራዡ ከልደታ ቤተክርስቲያን ትንሽ ዝቅ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል፤ ባለፍኩ ቁጥር በሩ የት ጋ እንደነበረ ለመገመት እሞክርና ግራ ይገባኛል። ጠዋት ጠዋት ከጌጃ ሰፈር በእግሬ ነበር የምሄደው። ሻይ ባሥር ሳንቲም፣ ሳምቡሳ ባሥራ አምስት፤ ሳምቡሳዋም ምስሯ እስከ ጥጓ የሞላ፣ እንደ ዛሬው አየር የታጨቀባት አይደለችም። ወደ ተክለ ሃይማኖት ዞር ካልኩ ደግሞ ጥግ ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ሰፈሩን ያናውጠዋል፤ አዲስ ካሴት የወጣ ሰሞን የቸኮለው ሰው ሁሉ ዘፈኑ እስኪያልቅ እግሩ ይጎተታል። እኔ ፕሊሴ ጉርድ፣ ክር ሹራብና ተረከዘ ወፍራም ጫማ ነበር የማዘወትረው። ጸጉሬ አፍሮ ነው፣ ያውም ክብ! ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የውይይት ክበብ አለ፣ አንዱ ያነባል ሌላው ያንቀላፋል። ማስታወሻ የምይዘው እኔ ስለነበርኩ ማን በየትኛው ምዕራፍ ላይ ማንኮራፋት እንደሚጀምር አውቅ ነበር።

ኮምፒዩተሩ የመጣው በእርዳታ ነው፤ ከየት እንደመጣ ዛሬ ብናገር የሚጠቅመው ሰው የለም። ሲመጣ ግን እንደ ሙሽራ ነበር አቀባበሉ። አንድ ክፍል ተለቅልቆ ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ መጋረጃ ተሰፋለት፣ እኛ በክረምት ስንንቀጠቀጥ ለሱ ማቀዝቀዣ ተገጠመለት። ጫማ አውልቀን ነጭ ጋዋን ለብሰን ነበር የምንገባው። ከታይፒስትነት ተመርጬ ሥልጠና የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ ሙሉ ኮምፒዩተር ሆነች" ብላ ታወራ ነበር። ከእኔ ጋር የተመደበው ሽኩር ይባላል። የተክለ ሃይማኖት አራዳ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ነጋዴ፣ እሱ ግን ከሜትር ይልቅ ሒሳብ የወደደ። ፕሮግራም ሲጽፍ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ነው፣ ቀልድ ሲመጣለት ግን ጽሑፉን ጥሎ ይነሣል። አለቃችን ጓድ መኮንን ነበሩ። ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ሁልጊዜ ሳፋሪ የሚለብሱ፣ ደረት ኪሳቸው ላይ አራት እስክሪብቶ የሚደረድሩ ጨዋ ሰው። አንድ ድክመት ነበረባቸው፤ ዕቅድ ይወዳሉ። ግድግዳው ሙሉ በቀስትና በሣጥን የተሞላ ሥዕል ነበር፤ መኪናው፣ ሹፌሩ፣ ነዳጁ፣ ጎማው፣ ደመወዙ፣ የጡረታው ነገር ሳይቀር አንድ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል። ምዕራፍ አንድ ጥናት፣ ምዕራፍ ሁለት የጥናቱ ግምገማ፣ እያለ ይሄዳል። እኔና ሽኩር ማሽኑን ጠዋት ከፍተን አቧራውን ጠርገን ማታ እንዘጋዋለን። ወራት ሄዱ፤ ማሽኑ አንድም ነገር አልሠራም።

አንድ ቀን ወሬው መጣ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ማሽኑ ምን እንደፈየደ ያያሉ፤ ጥቅም ካልሰጠ ይወሰዳል፣ የእኛም ክፍል ይዘጋል። እኔ ምንም አልሆን፣ ወደ ጽሕፈት መኪናዬ እመለሳለሁ። ሽኩርን ግን አሰብ ቅርንጫፍ ጭነት ቆጣሪ አድርገው ሊልኩት የዝውውሩ ደብዳቤ ተተይቦ ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። የተየበችው ጓደኛዬ ናት የነገረችኝ። ሽኩር ደግሞ ያን ሰሞን ሚስቱ ዘምዘም ያለጊዜው የወለደችለት ልጅ ነበረው፤ በመዳፍ የሚያዝ፣ ስሙ ከሱ የሚከብድ ሕፃን። ሐኪሙ "ይህን ልጅ በየሳምንቱ ሳታሳዩኝ እንዳትቀሩ" ብሏቸዋል። ወደ አሰብ ሙቀት ይዘውት ቢሄዱ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አልሄድም ካለ ደግሞ ከሥራ መሰናበቱ ነው። ሽኩር ቀልዱ ጠፋ። ሻይ እንኳ ሲጠጣ ሳያማስል ነበር የሚጠጣው።

"ሹኬ፣ የጓድ መኮንን ዕቅድ እስኪያልቅ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ይገባል" አልኩት። "ከዚያ ሁሉ ሣጥን ውስጥ አንዷን መርጠን እንሥራ። አንዲት ጥያቄ የምትመልስ ብቻ።"

"የትኛዋን?"

"መካኒኮቹ ዕቃ ግምጃ ቤት መስኮት ላይ ተኮልኩለው የሚውሉት ለምንድን ነው? ዕቃው ይኑር አይኑር ለማወቅ እኮ ነው። እሷን እንመልስላቸው።"

ጓድ መኮንን ዘንድ ገባን። ሐሳባችንን ስንነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "ጓዶች፣ ግማሽ ድልድይ ላይ ማን ይሻገራል?" አሉን። ሽኩር አንገቱን እንደደፋ፣ "ጓድ መኮንን፣ እኛ ድልድይ አላልንም። ሰው ረግጦ የሚዘልላት አንዲት ድንጋይ ነው ጣል የምናደርገው" አላቸው። የዝውውሩን ነገር እሳቸውም ያውቁ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞረው፣ "ለጊዜው፣ ለሙከራ፣ በእኔ ኃላፊነት" አሉ። በዚያ ዘመን "በእኔ ኃላፊነት" የሚል አለቃ ማግኘት ሎተሪ ነበር።

ሥራውን ጎን ለጎን ተቀምጠን ጀመርነው። እኔ ከግምጃ ቤቱ ካርድ እያነበብኩ አስገባለሁ፣ ሽኩር ፕሮግራሙን ይጽፋል። ማሽኑ የኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው የጻፍነው። መካኒኩ የዕቃውን ስም ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሱ "አለ" ወይም "የለም" ነው። በቃ፤ ሌላ ምንም የለውም። ሽኩር ሌላ ነገር ሊጨምርበት በቃጣ ቁጥር እጁን በማስመሪያ እመታው ነበር። ማሽኑንም ከነምንጣፉ ክብር አውጥተን ግምጃ ቤቱ መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ጓድ መኮንን አቧራውን ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የመክፈቻውን ቀን አልረሳውም። መካኒኩ በሙሉ ቱታውን እንደለበሰ ተሰብስቧል፤ ሠርግ ቤት ይመስላል። የመጀመሪያው ሰው ሞተሪኖ አለ፣ ሞተር ማስነሻውን ማለቱ ነው። ጻፍኩ። ማሽኑ "የለም" አለ። ሁለተኛው ዲናሞ አለ። "የለም።" ሦስተኛው ራዲያተር። "የለም።" አራተኛው ላይ ከኋላ አንዱ መሳቅ ጀመረ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ማሽኑ እኮ አልተሳሳተም! ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው። የውጭ ምንዛሪ የለም፣ መለዋወጫ ከገባ ስንት ጊዜው፤ መደርደሪያው ላይ የቀረው የማንም መኪና የማይፈልገው ቡሎንና የጎማ ቀለበት ነው። እኛ ካርዱን ስናስገባ ዜሮ ዜሮውን እያየን ለምን እንዳልገባን ዛሬም ይገርመኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ስም ወጣለት፤ ወይዘሮ የለም። "ወይዘሮ የለም ዛሬ እንዴት አደሩ?" ይሉኛል ሲያልፉ። "ባልም የለም ይሉ ይሆን?" ይላል ሌላው። ሽኩር በሳቁ ውስጥ ጥግ ይዞ ቆሞ ነበር። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው።

እኔ ግን በቀላሉ የምበገር ሴት አልነበርኩም፤ ዛሬም አይደለሁም። በማግስቱ እዚያው መስኮት ላይ ዋልኩ። የሳቀውን ሰው ፊት ትቼ እግሩን ማየት ጀመርኩ። "የለም" የተባለው መካኒክ ተመልሶ ወደ ሥራ ቦታው አይሄድም፤ መፍቻውን ይዞ ወደ ግቢው ጀርባ ነው የሚሄደው። አንዱን ተከተልኩት። ከግቢው ጀርባ የቆሙ መኪኖች ነበሩ፤ ተገጭተው፣ ተበላሽተው፣ መለዋወጫ እየጠበቁ ሣር የበቀለባቸው። መካኒኩ አንዱ ሥር ይገባል፣ ይወጣል፣ ሌላው ሥር ይገባል፣ ይራገማል፣ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። የሚፈልገውን ዲናሞ ያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። የጋራዡ ግምጃ ቤት መደርደሪያው አይደለም፤ የቆሙት መኪኖች ናቸው። የሚንቀሳቀሰው መኪና በሙሉ ከሞተው እየተፈታ ነው የሚኖረው። እኛ ጥያቄውን የጠየቅነው የተሳሳተ ቦታ ነው እንጂ ጥያቄው ልክ ነበር። እየሮጥኩ ተመለስኩና "ሹኬ! ወይዘሮ የለምን ግቢ እናሳያት!" አልኩት።

ይህን ለሄለን ስነግራት ሞባይሏን ካስቀመጠች ቆይታለች። "እሱን ነው እኮ የሚሉን አክስቴ፣ ቶሎ ካላወጣችሁት ስሕተታችሁን አታውቁትም" አለችኝ። እኔ አሠልጣኝ አልነበረኝም፤ የሳቀብኝ መካኒክ ነበረኝ።

ታዲያ አንድ ችግር ነበረ። ከቆመ መኪና ዕቃ መፍታት ክልክል ነው። ፈቃድ አለው ይባላል፣ ፊርማው ግን ከዚህ ጠረጴዛ ወደዚያ ሲዞር መኪናው ራሱ ዝጎ ያልቃል። ስለዚህ ሁሉም ይፈታል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ጎበዝ መካኒክ ካምቢዮ ፈትተሃል ተብሎ "የኢኮኖሚ አሻጥር" በሚባለው ነገር ተከስሶ ስንት ቀን ታስሮ ነበር። የፈታው ደግሞ ለመንግሥት መኪና ነው፣ ለቤቱ አልወሰደው! ከዚያ ወዲህ የትኛው መኪና ላይ ምን እንደቀረ ቢጠየቅ የሚናገር ሰው የለም። ግቢውን ጥርት አድርገው የሚያውቁት የመካኒኮቹ አለቃ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ፋታ ሲያገኙ ባርኔጣቸውን ገልብጠው ቆሎ ይዘግኑበታል፤ ከሱ ውጭ አፋቸውን የሚከፍቱበት ነገር ጥቂት ነው። ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ይተባበሩን።"

"ልጄ፣ እኔ ዓይን እንጂ አፍ የለኝም" አሉኝ። "ዛሬ ይኼ መኪና ዲናሞ የለውም ብዬ ብነግርሽ፣ ነገ መጥተው ማን ፈታው ይሉኛል። ያንቺ ማሽን ደግሞ ሰው አይደለም፣ አይረሳም።"

"የሌለውን አንጠይቅዎትም። ያለውን ብቻ ይንገሩን።"

ቆሎውን ማኘክ አቆሙ። "እንዴት ማለትሽ ነው?"

"ባሻ ዲናሞ አለው፣ ሙሽራዋ ራዲያተር አላት። እሱን ብቻ ነው የምንጽፈው። ማን ፈታ፣ መቼ ተፈታ የሚል ቦታ ማሽኑ ውስጥ አይኖርም። ቦታ ከሌለው ማንም ሊጽፍበት አይችልም።"

ባሻና ሙሽራዋ የመኪኖቹ ስሞች ናቸው። የቆመ መኪና ሁሉ በመካኒኮቹ የወጣለት ስም ነበረው። ባሻ ከሁሉም አሮጌው ነው። ሙሽራዋ የሹፌሯ መጋረጃ ገና አልወረደላትም፣ ሞተሯ ግን ከወጣ ቆይቷል። ጾመኛው የሚባልም ነበረ፤ ነዳጅ አልወስድ ብሎ የቆመ። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን አራግፈው አደረጉና "ነይ ተነሺ" አሉኝ። ግቢውን እየዞርን እሳቸው በመፍቻ እየነኩ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰው የሚሯሯጥባቸውን አምስት ዕቃዎች ብቻ ያዝን፤ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ካምቢዮ፣ ራዲያተርና የጭነቱን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራ። ጫማዬ በግራሶ ተበላሽቶ ቀረ፤ ነገር ግን የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ የዋልኩበት የሥራ ቀን ጥቂት ነው።

ጓድ መኮንን ወረቀቱን ሲያዩ ወዲያው እስክሪብቶ አወጡ። "እዚህ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር" አሉ። "የፈታው ሰው ስም። የፈታበት ቀን። ትእዛዙን የሰጠው ኃላፊ።" ዕቅድ የሚወድ ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ እጁን ይበላዋል።

"ጓድ መኮንን፣ እሱን ከጨመርን ጋሽ ወልዴ አፋቸውን ይዘጋሉ፤ እሳቸው ከዘጉ ፕሮግራሙ ሞተ" አልኳቸው።

"ያለ ተጠያቂነት ምን ዓይነት ፕሮግራም ነው?"

ሽኩር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ዕቃ የሚያገኝ ፕሮግራም ነው ጓድ! ሰው የሚያገኝ አይደለም።" በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ንግግር ጮክ ተብሎ አይነገርም ነበር፤ እሱም ከአፉ ከወጣ በኋላ ደነገጠ። ጓድ መኮንን እስክሪብቷን ወደ ኪሳቸው መለሷት። "ይሁን። ዓምዱ ለምዕራፍ ሁለት ይቀመጥ" ብለው ወጡ።

አዲሲቷ ወይዘሮ የለም ሥራ ስትጀምር ሕዝብ አልጠራንም፣ ንግግርም አላደረግን። አንድ መካኒክ መጥቶ ለወጉ ያህል እየሳቀ፣ "እስቲ ወይዘሮን ራዲያተር ጠይቂልኝ" አለ። ጻፍኩ። "ሙሽራዋ" አለች ማሽኗ። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ሄዶ ፈትቶ ሲመለስ ገና ሻዬን አልጨረስኩም። የተፈታው ዕቃ ወዲያው ከማሽኑ ላይ እየተሰረዘ ሄደ፤ ማን እንዳወጣው አልጻፍንም፣ አልጠየቅንምም። በጥቂት ቀናት ውስጥ መስኮቱ ላይ የሚኮለኮለው ሰው ጠፋ። ተጨማሪ የጠየቁንን አንዳንዱን ጨመርን፣ ብዙውን እንቢ አልን። እኔ እንቢ ማለት ያኔ ነው የተማርኩት፤ በኋላ በትዳሬም ጠቅሞኛል።

ፋሲካ አለፈና ሰዎቹ መጡ። ሦስት ነበሩ፤ የሚናገረው ግን አንዱ ነው፤ ድምፀ ጎርናና፣ ሰውን ትክ ብሎ የሚያይ ሰውዬ። ጓድ መኮንን መጀመሪያ የወሰዷቸው ግድግዳው ላይ ወዳለው ሥዕል ነበር። ሰውዬው ቀስቶቹን አይቶ አይቶ "ይህ ሁሉ መቼ ነው የሚያልቀው?" ሲል የሽኩር ግንባር ላይ ላብ አየሁ። እንደ ዕድል ሆኖ ግቢው ውስጥ እህል የጫነ መኪና ሊወጣ ሲል አልነሣ አለ። ሞተሪኖው ተቃጥሏል። መካኒኩ መስኮቱ ላይ መጣ፣ ጻፍኩ፣ ማሽኗ "ጾመኛው" አለች። እንግዶቹ ሻይ ቀርቦላቸው ሳይቀዘቅዝ መኪናው ጥሩንባውን እያንባረቀ በበሩ ወጣ። ሰውዬው ተነሥቶ መጣና ከኋላዬ ቆመ። ባሻን እንዳሳየው፣ ሙሽራዋን እንዳሳየው አዘዘኝ። አሳየሁት። ከዚያ የፈራነውን ጠየቀ።

"እሺ፣ ያለው ይኼ ነው። የሌለውንስ? የጎደሉትን ዕቃዎች ማን ነው የፈታቸው?"

ጋሽ ወልዴ መስኮቱ ማዶ ቆመው ነበር። እኔን አላዩኝም፤ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። የመለሱት ጓድ መኮንን ናቸው፣ ያውም ያንን ዓምድ የጠየቁት ሰውዬ!

"ጓድ፣ እሱ ምዕራፍ ሁለት ላይ ያለ ነገር ነው" አሉ ረጋ ብለው።

"ምዕራፍ ሁለት መቼ ነው?"

"ጥናት ላይ ነው።"

እንዲህ ያለ ውብ መልስ በሕይወቴ አልሰማሁም። ሰውዬው ግድግዳውን የሞላውን ሥዕል አስታወሰ መሰለኝ፤ ጥናቱን ቢጠይቅ ምን እንደሚጎርፍበት ገብቶት ተወው። ግን አልጨረሰም። ማሽኗን በእጁ መታ መታ አደረጋትና "ይህን የመሰለ ነገርማ እዚህ ጓሮ ውስጥ መቅረት የለበትም። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይዘነው እንሄዳለን" አለ። አያችሁ ጉዳችንን! ባይሠራ ሊወስዱት ነበር፣ ሲሠራም ሊወስዱት ነው። ሽኩር ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ።

ያኔ ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን አውልቀው በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ። "ጌታዬ፣ ባሻንና ሙሽራዋንም አብረን እንጫንልዎት?" አሉ። ፌዝ አልነበረበትም፣ ከልባቸው ነው የጠየቁት። "እነሱ ከሌሉ እኮ ወይዘሮ የለም የምትናገረው የላትም።"

ሰውዬው ጋሽ ወልዴን አያቸው፣ ማሽኗን አያት፣ በመስኮቱ አሻግሮ ሣር የበቀለባቸውን መኪኖች አየ። ከዚያ ከሆዱ ሳቀ። እሱ ሲስቅ አብረውት የመጡትም ሳቁ። "እዚሁ ትቆይ። የሚሠሩባትም እዚሁ ይቆዩ" አለና ጓድ መኮንንን "እንዲህ ተብሎ ይጻፍ" አላቸው።

እንግዶቹ ሲወጡ ሽኩር ጠረጴዛውን ለቆ ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት። የጓድ መኮንን ቢሮ ገብቶ ስልኩን አነሣ። ቤቱ ስልክ ስለሌለው ጎረቤቱ ያለ ባለሱቅ ዘንድ ደውሎ ዘምዘምን እንዲጠራለት ለመነው። ዘምዘም ያን ሰሞን ፍራሹንና ድስቱን ጭምር በገመድ አስራ፣ ልጁን ታቅፋ ዕቃው መሃል ቁጭ ብላ ነበር የምትውለው። ቆየችና መጣች፤ ትንፋሿ እኔ ካለሁበት ይሰማል። ሽኩር አፉን ከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም፤ እንባው እጀታው ላይ ይንጠባጠባል። ስልኩን ተቀበልኩት።

"ዘምዘም፣ ሙሉ ነኝ።"

"ምን ሆነ? ፕሮግራሙ አላለቀም?" አለችኝ።

"አላለቀም እቴ፣ የሚያልቅም አይመስለኝም" አልኳት። "የትም አትሄዱም። ዕቃውን ፍቺው።"